ከመጋረጃ የወጣ እጅ

እስቴም ሆነ ስማዳ፣ ዕድሜዋ ጠና ያለ፣ የብር ቀለበት ያላት ሴት ብታገኙ፣ ያ ቀለበት ከእሷ በፊት የሰዒዳ ጣት ላይ ገብቶ ወጥቷል ብላችሁ ተወራረዱ፤ አትከስሩም። የሰዒዳን መልክ ግን አብዛኞቹ አያውቁትም። ሰዒዳ ራሷ ደግሞ የእኔ የምትለው ቀለበት ኖሯት አያውቅም። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

እኔ ፋንቱ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። የእስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስ፣ ገበያው ዳር፣ ከጋሽ መሕቡብ ሱቅ ጎን የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ነው ያረጀሁት። ጋሽ መሕቡብ የሰዒዳ ባል ናቸው፤ ብር ሠሪ። በረንዳችን አንድ ስለነበር ሲያስነጥሳቸው ይማርዎ የምላቸው እኔ ነበርሁ፤ የእኔ መርፌ ሲሰበር ደግሞ የሚስቁት እሳቸው። ሱቃቸው ወናፉ፣ መዶሻውና ጉጠቱ የሞላባት ጠባብ ክፍል ናት። ከኋላዋ መኖሪያቸው ነው። በመሀል እኔው የሰፋሁት ባለ አበባ መጋረጃ ተሰቅሏል። ሰዒዳ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ግን አንቺ እንድላት ያዘዘችኝ ራሷ ናት፣ እርስዎ ስላት ያረጀሁ ይመስለኛል ብላ።

ያን ጊዜ ቀለበት የሚያሠራው ሙሽራው ነው፤ ሙሽሪትን ይዟት አይመጣም። እንኳን ይዟት ሊመጣ በቅጡም አላያት። ሽማግሌ ሄዶ፣ ቤተሰብ ተስማምቶ፣ ቀን ተቆርጦ፣ እሱ የሚያውቀው ስሟንና የአባቷን በሬዎች ብቻ ነው። ጋሽ መሕቡብ የጣቷን ውፍረት ሲጠይቁት አንዱ የጅራፉን እጀታ ያሳያቸዋል፣ ሌላው ጣራ ጣራውን ያያል። አንዱማ የጣቷን ልክ ቢጠየቅ «ቆንጆ ናት» ብሎ መለሰ። እኔ በዚያ ሰው መሳቄን እስከ ዛሬ አልተውሁም።

ጋሽ መሕቡብ ታዲያ መላ ዘየዱ። ወደ መጋረጃው ዞር ብለው «ሰዒዳ፣ እስቲ እጅሽን» ይላሉ። ከመጋረጃው ኋላ አንድ እጅ ይወጣል፤ አንዳንዴ ሊጥ እንደነካው፣ አንዳንዴ ሽንኩርት ሽንኩርት እንደሸተተ። ፊት የለ፣ ድምፅ የለ፣ እጅ ብቻ። እሳቸው የቀለበት ጣቷን ይዘው ለሙሽራው ያሳዩታል፣ እጮኛው ከዚህች ትቀጥን ወይም ትወፍር እንደሆነ እንዲነግራቸው። የሰው ጣት ዓይኑ ሥር ሲቀርብለት ልኩ የሚጠፋው ሙሽራ አልነበረም። ከዚች ቀጠን ትላለች ይላል አንዱ፤ ከዚች ወፈር ይላል ሌላው። ቀለበቱ በሰዒዳ ጣት ይለካል፤ ከዚያ በሙሽራው ቃል ይጠብባል ወይም ይሰፋል። እንዲህ እያለች ስንቱን እንደዳረች እኔም አላውቅ፣ እሷም አታውቅ።

ዛሬ ነጫጭ ቀለበት በየሱቁ እንደ ልብስ ቁልፍ ካርቶን ላይ ተሰክቶ ስለሚሸጥ ልጆቹ ብር ምን እንደነበር አይገባቸውም። የዚህ አገር ብር ከጠገራ የመጣ ነው። ያቺ ደረተ ሰፊ ሴትዮ የተቀረጸችበት፣ አያቶቻችን ማርትሬዛ የሚሉት ገንዘብ፣ መገበያያነቱ ቀርቶ ሣጥን ሥር ከተኛ በኋላ፣ ሰው ልጁን ሲድር እያወጣ ለብር ሠሪ ይሰጠው ነበር። ጋሽ መሕቡብ አቅልጠው ከአንዱ ጠገራ ቀለበትና ጉትቻ፣ ከተረፈም የጆሮ ኩክ ማውጫ ያወጡበታል። ያረጀ አልቦ ቢመጣላቸውም ያው ነው፤ አያት እግር ላይ የከረመው ብር የልጅ ልጅ ጣት ላይ ይገኛል። የእኛ ሴቶች ቀለበታቸውን ጣታቸው ላይ ከሚያደርጉበት ማተባቸው ላይ የሚያስሩበት ጊዜ ይበዛል፤ ለእበትም ለጭቃም አይመችም። ባሏ የሞተባትም እዚያው አንገቷ ላይ ይዛው ትኖራለች። የሰዒዳ ወገን የሆኑ ወንዶች ደግሞ ወርቅ ስለማያደርጉ ዓቂቅ የሚባል ቀይ ድንጋይ ያለበት የብር ቀለበት ያሠራሉ። ብር ሲጠቁር የባል ልብ ዞሯል የሚሉም ነበሩ። አንዲት ሴት ይህንኑ ብላ እያለቀሰች መጥታ፣ ጋሽ መሕቡብ በአመድ ፈትገው አብርተው መለሱላትና ላብሽ ነው አሏት። እሷ ግን ባሏን ለማንኛውም ስትጠረጥረው ኖረች።

ለክርስቲያን ሙሽሪት የሚሄድ ቀለበት መስቀል ሳይቀረጽበት ከጋሽ መሕቡብ እጅ አይወጣም። የሰው ሃይማኖት በእሳቸው እጅ እንዲጎድል አይፈልጉም ነበር። እንዲያውም ከአንዳንዱ ቄስ ይልቅ ለመስቀሉ ማዕዘን የሚጨነቁ እሳቸው ነበሩ።

ሰዒዳስ? ኒካሕ ሲያስሩ ጋሽ መሕቡብ ገና የሰው ተቀጣሪ ስለነበሩ ቀለበቷን በኋላ እንደሚሠሩላት ነገሯት። በኋላ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ፣ ሥራው በዛ። የሰው ሠርግ ቀን አለው፤ የሰዒዳ ቀለበት ቀን የለውም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ወደ ነገ ይገፋል። እሷም እንደ ማንኛዋም ሚስት ታኮርፋለች፣ ደግሞ ትረሳዋለች።

አንድ ጊዜ ግን ሠሩላት። ደርግ በወደቀ በዓመቱ ይመስለኛል። ሰዒዳ የጋይንት ልጅ ናት፣ ከንፋስ መውጫ ወዲያ ያለው አገር፤ ያደገችው ገብስ ሲወዛወዝ እያየች ስለሆነ ሌላ ጌጥ አልፈልግም ብላ ዙሪያውን የገብስ ዛላ አስቀረጸችበት። ብሩ ከእናቷ የቀረላት ጠገራ ነበር። አልቆ ጣቷ ላይ የገባ ቀን መጋረጃውን ገልጣ መጥታ አሳየችኝ። ያን ቀን የሰዒዳ እጅ ሥራ አልሠራ አለ፤ ድስት የምታነሳውም መልሳ የምታስቀምጠውም እጇን ለማየት ነበር። ስቄባታለሁ። ግን እኔም ደስ ብሎኛል።

ሊመሽ ሲል ከስማዳ አንድ ሙሽራ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ። ሠርጉ በማግሥቱ ነው፤ ያሠራውን ቀለበት ወንዝ ሲሻገር ጥሎታል። ባዶ እጁን ከሄደ ሠርጉ ባይቀርም ስሙ ይጠፋል። ሱቁ ውስጥ የተሠራ ሌላ ቀለበት አልነበረም፣ አዲስ ለመሥራትም ጊዜ የለም። ጋሽ መሕቡብ መዶሻቸውን አስቀመጡ። ከዚያ እንደ ወትሯቸው ሰዒዳን እጅሽን አሏት። እጁ ከመጋረጃው ኋላ ወጣ። የገብስ ዛላው ቀለበት ከጣቷ ወልቆ፣ ሳይጠብብ ሳይሰፋ፣ መስቀልም ሳይቀረጽበት ለሙሽራው ተሰጠው። እሱም እንደ አመጣጡ እየሮጠ ሄደ። ጋሽ መሕቡብ ወደ መጋረጃው ዞረው ሌላ እሠራልሻለሁ አሉ።

እኔ በዚህ ተናድጄ ያን ሰሞን ሰላም አላልኋቸውም። ሰዒዳ ግን የሰው ልጅ በሠርጉ ቀን አፍሮ ይግባ ነበር ወይ ብላ የተቆጣችው እኔኑ ነው። መጋረጃው ኋላ ስታለቅስ የሰማኋትም እኔው ነኝ፤ እሷ እስከ ዛሬ የሰማሁ አይመስላት።

ሌላው ቀለበት ሳይሠራ ቀረ። መጀመሪያ የሰው ሥራ፣ ቀጥሎ የብር መጥፋት። ከጎንደር የሚመጡ ነጋዴዎች ለቱሪስት የሚሸጥ አሮጌ ብር እየሰበሰቡ ጠገራውንም አልቦውንም ጠራርገው ወሰዱት። ከዚያ የካርቶኑ ቀለበት መጣ። ከዚያ የጋሽ መሕቡብ ዓይን ደከመ፤ መርፌ የመሰለች መቅረጫቸውን ይዘው ሰዒዳ መስመሩን እንድታይላቸው ይጠሯት ጀመር። የቀለበቱን ነገር ማንሳት ራሷ ሰዒዳ ተወችው። ጋሽ መሕቡብም አንድ ክረምት ታመው ሳይሰነብቱ አረፉ።

ከዚያ ወዲህ ያለችው ሰዒዳ ባሏን የናፈቀች ሴት ናት፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ሐዘንተኛ እንዳልላት ትስቃለች፣ ትቀልዳለች፣ ጎረቤት ታማለች። ግን የመዶሻው ድምፅ ስለጠፋ ቤቱ አልያዛትም። ቀን ቀን በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ የስፌት መኪናዬን ትሰማለች፤ ይኼ ይንጣጣል እንጂ አይመታም እያለች ትነቅፍብኛለች። አንዳንዴ በወሬ መሀል ቀና ብላ ወደ ሱቁ ጆሮዋን ትሰጣለች። ሱቁ ተከራይቶ የስልክ ካርድና የጆሮ ማዳመጫ ይሸጥበታል። ያን ጊዜ የጀመርሁትን ወሬ እተወዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ልጇ ኢብቲሳም ከደብረ ታቦር ደወለች። እዚያ አግብታ፣ ወልዳ፣ ቤት ሠርታለች። እናቴ ብቻዋን አትኖርም፣ ረመዳን ሳይገባ መጥቼ እወስዳታለሁ አለች። ሰዒዳ እሺ አለች። ከዚያ ለእኔ ብቻ አንድ ነገር ነገረችኝ፤ የመሕቡብን የእጅ ሥራ ሳልይዝ ከዚህ ከተማ አልወጣም አለች። ቤቱ ውስጥ የቀረ አንድም ነገር የለም። የነበረው ሁሉ የሰው ነበር፣ ሰው ወስዶታል።

ከዚያ ፍለጋ ጀመረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ መሀል እየዞረች የሴቱን ጣትና አንገት ታያለች። ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ሽንኩርቷን ትታ እጇን ስታይባት ለምን አትደነግጥ። አንዷ ቀለበቷን ለነጋዴ ሸጣዋለች፣ አንዷ ለስለት ቤተ ክርስቲያን አግብታዋለች፣ የሌላዋን ደግሞ ሴት ልጇ አዲስ አበባ ይዛው ሄዳለች። የቀሩት ደግሞ የቃል ኪዳን ዕቃ እንዴት ይሸጣል ብለው ነጠላቸውን ሳቡ። ሰዒዳ በዚህ አልተቀየመችም። እኔም ብሆን አልሸጥም ነበር አለች።

እኔ በዚያው ሰሞን ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ተዝካር ሄድሁ። ውባለም የምትባል የአክስቴ ልጅ እዚያው ወገዳ አጠገብ ትኖራለች፤ ባሏ አንዳርጌ ገበሬ ነው። ሠርጓ ላይ አልነበርሁም፤ ያን ሰሞን የሰው ስፌት ይዞኝ ቀረሁ፣ ከዚያም ወዲህ ተያይተን አናውቅም። ውባለም ጎንበስ ብላ ወጥ ስታወጣልኝ ከማተቧ ላይ የተንጠለጠለ ቀለበት ፊቴ ላይ ተወዛወዘ። ዙሪያው የገብስ ዛላ ነው። መስቀል የለውም። የሠርግሽ ነው ወይ ብላት ፊቷን አኮሳትራ ነው አለችና ወደ ሌላው እንግዳ ሄደች።

ለሰዒዳ ስነግራት የምትከትፈውን ሽንኩርት ትታ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«የኔ ነው» አለች።

መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት የከረመበት ዓመት ስለነበር የተከፈተ ቀን ጠብቀን አንድ የጭነት አይሱዙ ላይ ተሳፈርን። ጥር ነበር። እስከ ወገዳ ያለውን ኮረኮንች የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ስንደርስ አጥንታችን ቦታ ቦታውን ለቆ ነበር። ሾፌሩ ዕቃውን አራግፎ ስለሚመለስ፣ ጡሩምባ ሲነፋ ካልወጣን እንደማይጠብቀን ነገረን። ሰዒዳ በለውጥ የምትሰጠውን፣ ከኢብቲሳም የተላከላትን ወፍራም የብር ሐብል በመሐረብ ቋጥራ ይዛለች። ለወትሮው አፍ የምታሳጣኝ እሷ ነበረች፤ ያን ቀን መንገዱን ሙሉ ያወራሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ውባለም በደስታ ተቀበለችን። እንግዳዋ የክርስቲያን ሥጋ እንደማትበላ ስለምታውቅ ቆሎ፣ ማርና እርጎ አቀረበች። አንዳርጌ ከአውድማ መጥቶ፣ እብቅ ራሱ ላይ እንዳለ፣ ሰላምታ ሰጥቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ያን ሙሽራ አንድ ጊዜ፣ ለዚያውም ሲሮጥ ነው ያየሁት። ያም ሆኖ ለየሁት። ሰዒዳ ግን አይታው አታውቅም፤ እሱም እሷን።

ሰዒዳ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። ባለቤቷ ብር ሠሪ እንደነበር፣ አሁን እንደሌለ፣ የእሱ የእጅ ሥራ ውባለም አንገት ላይ እንዳለ፣ በዚህ ሐብል ብትለውጣት ዕድሜ ልኳን እንደምትመርቃት ነገረቻት። ውባለም እጇ ወደ አንገቷ ሄደ። ሐብሉን አየች፤ ከቀለበቱ እንደሚከብድ ማንም ያያል። ከዚያ ይቅርታ ጠየቀች። ከሠርጓ ቀን ጀምሮ አንገቷ ላይ ነው፣ ልጆቿንም የወለደችው እሱን እንዳሰረች ነው፣ እንዴት አድርጋ ትፍታው? ሰዒዳ ልክ ነሽ ብላ ሐብሉን መሐረቡ ውስጥ መልሳ ቋጠረችው። ፊቷን ማየት አልቻልሁም።

ያን ጊዜ እኔ አፌን ከፈትሁ። ሰዒዳ ይህን ቀለበት ለምን እንደፈለገችው አወራሁ። የመጋረጃውን ነገር፣ የሚወጣውን እጅ፣ የወንዙን ሙሽራ፣ ሁሉንም። ውባለም መሀል ላይ እርጎውን ይዛ ቀጥ አለች። ወደ እኔም ወደ ሰዒዳም አላየችም። ወደ በሩ ዞረች።

«አንተ፣ ከመጋረጃ የወጣ እጅ ያልኸኝ እውነትህን ነበር?»

አንዳርጌ ራሱ ላይ ያለውን እብቅ እያራገፈ «ስምልልሽ ኖርሁ እኮ» አለ።

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። ቀለበቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለውባለም ጣት ሰፊ ነበር። ሠርጉ ላይ ወልቆ ወደቀ። መስቀል የሌለው መሆኑን እናቷ አይታ አጉረመረመች። የሙሽራ ቀለበት ሰፊ ከሆነ ለሌላ ሴት ተለክቷል ማለት ነው፤ ውባለም ያን ቀን የያዘችውን ጥርጣሬ አለቀቀችውም። የማንን ጣት ለክተህ ነው ስትለው አንዳርጌ ከመጋረጃ የወጣ እጅ ነው ይላታል። የመጀመሪያውን ወንዝ ውስጥ መጣሉን ደግሞ አፍሮ አልነገራትም። ይህን ውሸት ማን ያምናል? ሲጣሉ ወደ መጋረጃህ ሂድ ትለዋለች። ገበያ ውሎ ሲያመሽ መጋረጃው ተከፍቶ ነበር ወይ ትለዋለች። ልጆቻቸው ነገሩን ሳያውቁት ለመዱት። ይቺን የማታውቃትን ሴት ውባለም ዕድሜዋን ሙሉ ቀንታባታለች።

አሁን ያቺ ሴት ፊቷ ተቀምጣለች፤ ሽበቷ ከሻሿ ሥር እየወጣ፣ መሐረቧን ጨብጣ። ውባለም ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ማተቧን ፈትታ ቀለበቱን አወጣችና ሰዒዳ አጠገብ ቁጭ አለች።

«አምጡ እስቲ እጅዎን» አለች።

ሰዒዳ እጇን ሰጠች። ቀለበቱ አንጓዋ ላይ ሲደርስ ቆም አለ፤ ዕድሜ አንጓዋን አወፍሮታል። ውባለም ገፋ አደረገችው፣ ገባ። ከገባ በኋላ ግን እዚያው የተፈጠረ ይመስል ልክክ ብሎ ተቀመጠ። ውባለም አንዳርጌን አየችው፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ። ልኩ የእርስዎ ነው፣ ለእኔማ ከመጀመሪያውም አልሆነኝም፣ ይውሰዱት አለቻት። እኔ ደስታው ሊያስጮኸኝ ደረሰ። የመጣንበት ጉዳይ አለቀ ብዬ ነጠላዬን ማጣፋት ጀመርሁ።

ሰዒዳ ወደ በሩ ብርሃን እጇን ዘርግታ ብዙ አየችው። ገብሱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ፊቷ ላይ የጠበቅሁት ደስታ መጥቶ አልቆየም፤ ወደ ውስጥ ተመለሰ። እንባዋ ሲወርድ አልጠረገችውም።

«ቀለበቱስ ልኬ ነው» አለች። «የኢብቲሳም አባት ቀን በሰው ፊት የሚነካኝ በዚያች መጋረጃ ብቻ ነበር። ጣቴን ይዞ ሲለካ አይቸኩልም። ሙሽራው ቆሞ እየጠበቀው አይቸኩልም። እኔም እሳት ላይ ድስት ጥጄ አላስቸኩለውም። የናፈቀኝ እሱ ነው፣ እህቴ። ይኸን ይዤ ብሄድ ጣቴን የሚይዝልኝ የለም። አንቺ ባልሽ በሩ ላይ አለልሽ፣ አንገትሽ ላይ ይሁን።»

አንዳርጌ ተነሥቶ ወደ አውድማው ወጣ። ሰዒዳ ቀለበቱን ልታወልቅ ሳበችው፤ አንጓዋ አላሳልፍ አለ። ደግማ ሳበችው፣ ቆዳዋ ቀላ። ውባለም ተዉት እርስዎ ብላ ከጓዳ ለጋ ቅቤ አመጣች። የሰዒዳን ጣት በሁለት ጣቷ ያዘችና ከሥሩ ጀምራ ትቀባው ጀመር። ቀለበቱን በትንሽ በትንሹ ታዞረዋለች፣ ወደፊት ይመጣል፣ ደግሞ ይመለሳል። ሰዒዳ ዓይኗን ጨፍናለች።

ከመንገዱ የአይሱዙው ጡሩምባ ተሰማ። ሾፌሩ እንደማይጠብቀን ነግሮናል፣ ደግሞ ነፋ። ያጣፋሁትን ነጠላ መልሼ አወረድሁት። ውባለም የሰዒዳን ጣት እንደያዘች ነበር፣ አልቸኮለችም። ሰዒዳም አላስቸኮለቻትም።